አባቴ ብስክሌት የተከለከለበት ዓመት

አባቴን ብስክሌት እንዳይነዳ የከለከለው ሴናተር ኦርቪል ስትሮብል ነው። ይህን በስምንት ዓመቴ ከገዛ ስሜ ቀጥሎ አውቀው ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። ትልልቅ ሰዎች ዋና ዋናውን ነገር ለልጅ አይናገሩም፤ ልጅ ራሱ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ነው የሚደርስበት። እኔ የለቀምኩት ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ሥር ነው። እናቴ የስልኩን ገመድ እስከ ምድር ቤቱ ደረጃ ድረስ ጎትታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ማንም የማይሰማት እየመሰላት ታወራለች። እኔ ደግሞ ጆሮዬን ጥዬ እሰማለሁ።

«ስትሮብል እሺ ካላለ ሕጉ ንቅንቅ አይልም» ትላለች። «ሕጉ ካልወጣ ደግሞ አርደን ብስክሌት ላይ አይወጣም። በቃ፣ ይኸው ነው።»

አርደን አባቴ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል? የሆነ ሕግ አለ፤ እሱ እስኪወጣ አባቴ ብስክሌት መንዳት አይችልም፤ ሕጉን ጨብጦ የያዘው ደግሞ ስትሮብል የሚባል ሰው ነው። ሰውየውን በዓይኔ አይቼው ባላውቅም መልኩን አሳምሬ ሠርቼዋለሁ። ቁመቱ እንደ በር፣ ጥርሶቹ የወርቅ፣ ጠረጴዛው ላይ የከለከላቸው አባቶች ሁሉ ብስክሌት ተደርድሯል። ማታ ስጸልይ «ጌታ ሆይ፣ አያቴን ባርክ፣ ውሻችንን ባርክ፣ ስትሮብልን አትባርክ» እል ነበር።

አባቴ የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ መምህር ነው። ድሮ፣ ማለትም ከመከልከሉ በፊት፣ በዝናብም በበረዶም ትሮምቦን የሚባል ረጅም መለከቱን ጀርባው ላይ አዝሎ በብስክሌት ነበር የሚመላለሰው። ከተማው በሙሉ በዚያ ያውቀዋል። አንድ የመኸር ጠዋት ግን መኖ የጫነ መኪና በገጠሩ መንገድ ላይ ተጠግቶት ሲያልፍ የጎን መስተዋቱ ትከሻውን መታው፤ አባቴ ከነትሮምቦኑ ቦይ ውስጥ ገባ። ዳሌው ተሰበረ። ትሮምቦኑ እንኳ ከዚያ ወዲያ የሚያወጣው ድምፅ የላም ነበር። ሾፌሩን ትራፊክ ፖሊስ ትንሽ ቀጣውና ነገሩ በዚያው አለቀ።

እናቴ ዘንድ ግን አላለቀም። «እዚህ ከተማ ሳሩን ያላጨደ ሰው እንኳ ከዚህ የባሰ ይቀጣል!» ትል ነበር። እናቴ ሉአን ምድር ቤታችን ውስጥ ፀጉር ቤት ነበራት። ያን ሰሞን ፀጉሯን ልትቆረጥ የመጣች ሴት ሁሉ ስለ ብስክሌት ሳትሰማ አትወጣም። መኪና ብስክሌትን ሲያልፍ ሦስት ጫማ፣ አንድ ሜትር ያህል፣ ርቀት ይተው፣ ሳይተው ሰው የገጨ ደግሞ በደንብ ይቀጣ፤ ሕጉ ይህ ብቻ ነው፤ ይህን እምቢ የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እያለች መቀሷን ጆሯቸው አጠገብ ቀጨም ቀጨም ታደርጋለች። ጭንቅላታቸው እጇ ላይ ነው፤ የት ይሄዳሉ? ሁሉም እሺ ብለው፣ ለሴናተር ስትሮብል የሚላክ የአቤቱታ ካርድ ፈርመው ይወጣሉ። ሰውየው የመንገድና ትራንስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ራሱም አኩሪ አተር አምራች ስለሆነ «ኮምባይነራችን መንገዱን ሞልቶት ይሄዳል፤ ሦስት ጫማ ከየት እናመጣለን?» እያለ ረቂቁን በየዓመቱ ሳያየው ያሳድረዋል።

ማታ ማታ ራት ላይ እናቴ ሳህን እያቀበለች፣ እንደ ዘበት፣ «ዛሬስ አርደን?» ትላለች።

«እግሬ ገና ነው፣ ሉአን» ይላል አባቴ።

እኔ ግን ይህን አላምንም ነበር። እግሩ ደህና ነው! ቱባ የሚባለውን ግዙፍ የናስ መለከት ብቻውን ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ አይቼዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሴቶቹ እስኪደክማቸው ሲጨፍር አይቼዋለሁ። ስለዚህ «እግሬ» ማለት ለይምሰል ነው፤ ስትሮብል ከልክሎኛል ብሎ በቤተሰቡ ፊት መናገር አሳፍሮት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሆዴ ይባባለት ነበር። አሁን ሳስበው፣ ለእውነቱ በጣም ቀርቤ ነበር፤ አጠገቡ ደርሼ ነው ዘልዬው ያለፍኩት።

የካቲት ላይ የብስክሌተኞች ቀን ደረሰ። በግዛታችን ምክር ቤት እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ ቀን አለው፤ አሳማ አርቢው አንድ ቀን፣ ነርሱ አንድ ቀን፣ ቀባሪው እንኳ ሳይቀር አንድ ቀን ይሰጠዋል። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ የሚቀመስ ነገር አቅርቦ፣ ሕግ አውጪዎቹን እጅጌያቸውን ይዞ ያዋራል። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በበረዶው ወራት ነውና ለብስክሌተኞች የደረሳቸው ቀን ወንዙ ቀጥ ብሎ የረጋበት ቀን ነበር።

ሰው የሆነ ሰው በመኪና ይሄዳል። የማኅበሩ መሪ ቨርን ግን ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ምን ቢሉት አይሰማም። «በመኪና መጥተን ስለ ብስክሌት ልንለምን? ከዚህ የበለጠ ውርደት አለ?» አለ። እናም ከየከተማው ብስክሌታችንን በቫን ጭነን መጥተን ከወንዙ ማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተሰበሰብን፤ ከዚያ እስከ ምክር ቤቱ ተነድቶ ሊገባ ነው። ቨርን ገና ጉዞ ሳይጀምር ጢሙ በረዶ ይዟል። ሚስቱ ፔግ ለሕግ አውጪዎቹ የሚታደል ሙዝ በካርቶን ሙሉ መኪናዋ ውስጥ ጭናለች። «ሙዝ ለሴናተር!» እያለች ብቻዋን ትስቃለች። «እኔ ኬክ እንጋግር ብዬ ነበር። ኬክ ለጤና ጥሩ አይደለም አለኝ ይኸ ሽማግሌ።»

እኔና እናቴ ቀይዋን ባለሁለት ወንበር ብስክሌታችንን ይዘን ነበር። እናቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከሱፍ ኮፍያዬ በላይ ሄልሜት፣ ከካፖርቴ በላይ ብርቱካናማ ሰደርያ፣ ጀርባዬ ላይ «ሦስት ጫማ ስጡኝ» የሚል ጽሑፍ። ከነክብሬ ቆሜያለሁ። አባቴ የቫኑን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ዳር ላይ ቆሟል። ሥራው ማድረስና መመለስ ብቻ ነበር።

በዚህ መሀል የቤተ ክርስቲያኗ ጸሐፊ በር ከፍታ «ሉአን የምትባለው ማናት? ከምክር ቤቱ ተደውሏል!» አለች። ለካ ስብሰባው ቀድሟል። ተናጋሪዎች ፈጥነው ካልተመዘገቡ ተራቸው ያልፋል። እናቴ ዋናዋ ተናጋሪ ናት፤ ንግግሯን ለአንድ ወር ያህል መስተዋት ፊት ስታጠና ከርማለች። የስፖርት ሱሪዋን አውልቃ፣ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ የፔግ መኪና ውስጥ ዘላ ገባች። «ትሪና! ከአባትሽ ጋር በቫኑ ነይ!» አለችና አንድ እግሯ ገና በሩ ላይ ሆኖ መኪናው ተነሳ።

ወዲያው ሌሎቹም ደወላቸውን እየደወሉ፣ እየዘፈኑ ወጡ። ግቢው ጭር አለ። እኔና አባቴ፣ ቫኑ፣ ቀይዋ ብስክሌት። ከንፈሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በቫን! ጀርባዬ ላይ «ሦስት ጫማ ስጡኝ» ተጽፎ በቫን ልሄድ!

«አባዬ» አልኩት።

«እህ።»

ግራና ቀኝ አይቼ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ፖሊስ ቢይዘን እኔ ነኝ የለመንኩት እላለሁ።»

«የምን ፖሊስ?»

«አውቃለሁ እኮ» አልኩና ጠቀስኩት። በአንድ ዓይን መጥቀስ ገና ስላልለመድኩ ሁለቱንም ዓይኔን ነው የጨፈንኩት።

አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ብስክሌቷን አየ። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞር ብሎ አየ። ቁልፉን ኪሱ ከተተና ጓንቱን አጠበቀ፤ የፊተኛው ኮርቻ ላይ ወጣ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! አባቴ ለእኔ ብሎ ሕግ ሊጥስ ነው! ዓለም ላይ እንዲህ ያለ አባት ያላት ልጅ ማን ናት?

ነዳን። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ብርዱ ነው ብዬ በእጄ ጀርባውን አሸሁለት። መኪና ከኋላችን በመጣ ቁጥር ወደ ጠርዙ ይጠጋና ልክ ለባንዱ ምት እንደሚሰጥ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ይላል። ጨዋታ መስሎኝ እኔም ጮክ ብዬ አብሬው እቆጥራለሁ። «አንድ! ሁለት! ሦስት! አራት!» መኪናው ያልፋል፣ ዝም ይላል፤ ሌላ ይመጣል፣ እንጀምራለን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። እሱ ትንፋሹ እንዳይቆረጥ እየታገለ እንደነበር ያወቅሁት እኔም ልጅ ወልጄ፣ መኪና ውስጥ ብቻዬን መሪ ጨብጬ የቆጠርኩ ቀን ነው።

ኮረብታው ሥር ስንደርስ በአራቱም አቅጣጫ «ቁም» የሚል ምልክት የተተከለበት መስቀለኛ መንገድ አለ። ከፊታችን ቨርንና ጭፍራው ምልክቱን ከቁብ ሳይቆጥሩት፣ ፍሬንም ሳይነኩ፣ እየዘፈኑ ሲሻገሩት አየሁ። ብስክሌተኛ እንዲህ ነው፤ አንዴ ከሞቀው ማቆም ሞቱ ነው። አባቴ ግን ቆመ። አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ቀጥ አለ።

ከግራችን አንድ አሮጌ ፒክአፕ መጥቶ እሱም ቆመ። ውስጡ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ ያደረገ ኩርምት ያለ ሽማግሌ ተቀምጧል። በእጁ ሂዱ አለን። አባቴ በእጁ አንተ ሂድ አለው። ሽማግሌው የለም፣ እናንተ አለ። አባቴ ኧረ አንተ አለ። በእኛ አገር መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀድሞ መሄድ ነውር ነው፤ ሁለት ጨዋ ሰዎች ከተገናኙ ነዳጃቸው እስኪያልቅ ሊጋበዙ ይችላሉ። እንደገና ተጋበዙ። ደግመው ተጋበዙ። የእኛዎቹ ዘፈን ከኮረብታው ላይ እየራቀ ሄደ።

«አባዬ፣ ጥለውን ሄዱ!» አልኩ።

እግሩን ከመሬት አላነሳም። ያ ሽማግሌ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አባቴን አተኩሮ ያየዋል። ያኔ ነገሩ በራልኝ፤ ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ነው! አባቴም ያወቀው ለዚህ ነው፣ የማይንቀሳቀሰው ለዚህ ነው! ይኸን እያሰብኩ ፒክአፑ ተንቀሳቀሰ። ወደ መሀል መንገዱ ገባና አግድም ቆመ። መብራቱን ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ማድረግ ጀመረ። ከኋላው የመጣው መኪና ቆመ፣ ከወዲያ የመጣውም ቆመ። መንገዱ ተዘጋ።

«ያዘን!» ብዬ ጮህኩ። «አባዬ ሩጥ!»

ባለሁለት ወንበር ብስክሌት ላይ የሁለቱ ሰው ፔዳል በአንድ ሰንሰለት የታሰረ ነው፤ የኋላው ሲረግጥ የፊተኛውም እግር ወደደም ጠላ ይዞራል። ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩ። ብስክሌቷ ተንገዳገደች፣ የአባቴ እግር ከመሬት ተነሳ፣ ከዚያ እሱም ረገጠ፤ በተዘጋው መስቀለኛ መንገድ ውስጥ ብቻችንን፣ እንደ ንጉሥ፣ ተሻገርን። ዞር ብዬ ሳየው ሽማግሌው ኮፍያውን ከፍ አደረገልን። ይዛትብናል አልኩ በልቤ።

የምክር ቤቱ አዳራሽ ስንገባ ሌላ ጉድ ጠበቀን። ለካ ቀኑ የወተት ላም አርቢዎችም ቀን ነው፤ ሴናተሩም ጸሐፊውም በዚያ ብርድ አይስክሬም ሊቀበል ተሰልፏል። የፔግ ሙዝ ካርቶኑ ውስጥ ውርጭ መትቶት ጥቁር ብሏል። አንድም ሰው አልነካውም። «ኬክ ብዬ ነበር» አለች ፔግ ለቨርን። ቨርን ጢሙ እየቀለጠ ይንጠባጠባል።

ወደ ስብሰባው ክፍል ገባን። እናቴ ማይክሮፎኑ ፊት ንግግሯን ይዛ ተቀምጣለች። እኔና አባቴ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። በምን እንደመጣን እናቴ አላየችም፤ በቫኑ የመጣን ነው የሚመስላት። የኮሚቴው አባላት በየወንበራቸው አሉ፤ የመሀሉ ብቻ ባዶ ነው። ጥቂት ቆይቶ የጎኑ በር ተከፈተና አንድ ሰው የቀለጠ በረዶ እየተንጠባጠበበት ገብቶ ኮፍያውን አወለቀ። ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ።

ያ ሽማግሌ! የመሀሉ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ ያለው ሰሌዳ «ሴናተር ኦ. ስትሮብል፣ ሰብሳቢ» ይላል። ማንበብ የቻልኩበትን ቀን ረገምኩ። እንግዲህ ፖሊስ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ስትሮብል ነው አባቴን እጅ ከፍንጅ የያዘው!

«ወይዘሮ ኪትልሰን» አለ እናቴን፣ «ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ማኅበርተኞችዎ የቁም ምልክቱን ጥሰው ሲያልፉ በዓይኔ አይቻለሁ። አጥር እንደጣሰ ከብት ተግተልትለው! ሕግ አውጡልን ልትሉ ስትመጡ፣ ያለውን ሕግ ረግጣችሁ መጣችሁ። እንግዲህ ለገበሬዬ ምን ብዬ ልንገረው?»

የቨርን ጆሮ ቲማቲም መሰለ። እናቴ አፏን ከፍታ ዘጋች፤ ያ ሁሉ ጥናት እንዲህ ላለ ነገር አላዘጋጃትም። ያን ቀን ካልተሳካ ረቂቁ እንደገና አንድ ዓመት እንደሚተኛ እኔ እንኳ አውቅ ነበር።

«አንድ ብቻ ነው የቆመው» አለ ስትሮብል። «ባለሁለት ወንበር ብስክሌት። ማን ነው እሱ?»

አባቴ ንቅንቅ አላለም። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ይፈልጋል። እናቴም ዞረች፤ ቀይዋ ብስክሌት ግቢ ውስጥ የቀረች ነው የሚመስላት፤ ግራ ገብቷታል። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ቃል ገብቻለሁ እኮ! ወንበሩ ላይ ወጣሁና ከነሄልሜቴ እጄን አነሳሁ።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የለመንኩት! አባዬን እንዳታስሩት!»

ሳቅ ፈነዳ። ስትሮብል ግን አልሳቀም። «ምን አጠፋና ነው የምናስረው፣ የኔ ልጅ?»

«ሳይፈቀድለት ነድቶ ነዋ። እርስዎ ሕጉን እስኪያወጡ ብስክሌት ክልክል ነው። ግን እኔ አለቀስኩበት። እሱ አልፈለገም።»

«ብስክሌት ክልክል ነው ያለሽ ማን ነው?»

ይህን ጊዜ ሳቁ ቆመ። አባቴ ቀስ ብሎ ተነሳ። እጄን ይዞ ከወንበሩ አወረደኝና እጄን ሳይለቅ ቆመ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ልጄን ይቅርታ ያድርጉላት። ማንም አልከለከለኝም» አለ። የሙዚቃ ባንድ ፊት የሚቆም ሰው ድምፁ እንዲህ ሲያንስ ሰምቼ አላውቅም። «እኔ ነኝ ራሴን የከለከልኩት። መኪና ገጭቶኝ ነበር። እግሬ ከዳነ ከርሟል። ሚስቴ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ እግሬ ገና ነው እላታለሁ። እግሬ አይደለም። መኪና ከኋላዬ ሲመጣ ያ መስተዋት ይመጣብኛል። እርስዎ ሕግ ያከበርኩ መስሎዎታል። ኧረ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። እግሬን ካነሳሁ የምሞት መሰለኝ።»

«ታዲያ እንዴት ተንቀሳቀስክ?»

«እሷ ረገጠች» አለና ወደ እኔ ጠቆመ።

እንደገና ተሳቀ፤ ይኼኛው ሳቅ ግን ለስለስ ያለ ነበር። እኔ አባቴ እኔን ለማዳን እየዋሸ መሰለኝ። አባቴና ፍርሃት! ቱባ ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው! ውሸቱ እንዳይነቃበት ብዬ ጭንቅላቴን ላይ ታች እየነቀነቅሁ አገዝኩት።

ስትሮብል ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አገላበጠ። «ደጋግሜ ሂድ አልኩህ፤ ደጋግመህ ሂድ አልከኝ። ይኼ ሰው ወይ ከመጠን ያለፈ ጨዋ ነው፣ ወይ አንድ ነገር ሆኗል ብዬ ነው መንገዱን የዘጋሁልህ» አለ። ከዚያ ጠየቀው፤ «ያ መስተዋት ምን ያህል ነበር የራቀህ?»

«ትከሻዬ ላይ ነበር፣ ክቡር ሰብሳቢ።»

ሽማግሌው ወደ ኮሚቴው አባላት ዞረ። «እኔ ይኸን ነገር ስቃወም የኖርኩት ለኮምባይነሬ ነው። ዛሬ ለአንድ ብስክሌት ቆሜ ጠበቅሁ። አልሞትኩም፤ አይስክሬሙም አላለቀብኝም። ሐሙስ ድምፅ እንሰጥበታለን። እናንተ ደግሞ» አለና ቨርንን በጣቱ ጠቆመው፤ «ስትመለሱ ትቆማላችሁ! እኔ እዚያ መስቀለኛ ላይ ወንበር አውጥቼ ነው የምቀመጠው። ወይዘሮ ኪትልሰን፣ የሚጨምሩት ይኖርዎታል?»

እናቴ፣ የዚያን ሁሉ ሰው ጭንቅላት ይዛ ስታስተምር የኖረች ሴት፣ «የለኝም» አለች። በሕይወቷ «የለኝም» ስትል የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። ተሸነፍን ማለት ነው አልኩ። ሐሙስ የተባለው ለእኔ «ሌላ ጊዜ ኑ» ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች እምቢ ሲሉ እንደዚያ ነው የሚሉት።

ሐሙስ ግን እውነት ነበር። ኮሚቴው አሳለፈው። ሕጉ እስኪጸድቅ ሌላ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ስትሮብልም መጨረሻ ላይ እየተነጫነጨ ደግፎ ቆመ። እናቴ ያኔ ለምን እንዳለቀሰች ያልጠየቅኋት ዓመት የለም። ትውቂ ነበር ወይ? እላታለሁ። «ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሬ ነዋ!» ትላለች። «ፍርሃትህን አውቃለሁ ቢሉት ሰው ይበልጥ ይደበቃል። መንግሥት ራሱ መንገዱ ያንተም ነው ቢለው ይወጣ ይሆናል ብዬ ነበር የምሮጠው። በራሱ አፍ እስኪናገር ነው የጠበቅሁት፤ እሱ ደግሞ ለእኔ ያልነገረኝን ለአኩሪ አተር ገበሬ ነገረው!» እያለች እስከ ዛሬ ትስቃለች።

ያን ቀን ግን የምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ሲገናኙ እናቴ የአባቴን የኮት ኮሌታ አስተካከለችለት፤ የተበላሸ ነገር አልነበረውም። ከዚያ ጥሩ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርጋ፣ ሄልሜቴን ከራሴ ላይ አነሳችና ራሷ ላይ ደፋችው። ወደ ብስክሌቷ ሄደች። ወደ ኋለኛው ወንበር! ወደ እኔ ወንበር!

«ትሪና፣ አንቺ ከፔግ ጋር ነይ» አለች፤ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። አባቴ ከፊት ወጣ። ከሁሉም ቀድመው ቁልቁለቱን ያዙት።

የፔግ መኪና ውስጥ እዬዬ አልኩ። «አንቺ ልጅ፣ አሸነፍን እኮ!» አለች ፔግ። «ምን ያስለቅስሻል?»

«ወንበሬን ወሰደችብኝ!»

ፔግ ከት ብላ ሳቀችና አንድ ጥቁር ሙዝ ላጠችልኝ። እያለቀስኩ በላሁት፤ ከልቅሶ ጋር የሚበላ ነገር ሁሉ ይጣፍጣል።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ እናትና አባቴ የሉም። ቨርንና ሌሎቹ ደረሱ፤ እነሱ የሉም። ብስክሌቶቹ ተጫኑ፤ የሉም። ቨርን እግሩን መሬት እየመታ «ከእኛ በፊት አይደለም እንዴ የተነሱት?» ይላል። ሰዓቱን ያያል፣ መንገዱን ያያል፣ እንደገና ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ ልንፈልጋቸው ነው ብሎ መኪና ሲያስነሳ፣ ቀይዋ ብስክሌት ከዋናው ጎዳና ሳይሆን ከወንዙ ዳር መንገድ ብቅ አለች። ከወንዙ ዳር! እናቴ አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ስቶኪንጓን ሰንሰለቱ በልቶታል። የሰው ፀጉር ስታሳምር የምትውል ሴት የራሷ ፀጉር ከሄልሜቱ ሥር የወፍ ጎጆ መስሏል። አባቴ ያፏጫል።

«የት ጠፋችሁ?» አለ ቨርን። «ስንት ነገር አሰብኩ እኮ!»

«መንገድ ተሳስተን ነው» አለች እናቴ። አባቴ ወደ ሰማይ እያየ ማፏጨቱን ቀጠለ።

«ከዚያ እስከዚህ?» አለ ቨርን ዓይኑን አፍጥጦ። «እንዴት አድርጋችሁ ነው የተሳሳታችሁት?»

ፔግ ክንዱን ቆነጠጠችው። «ዝም በል አንተ ሰውዬ፤ ግባ መኪና ውስጥ።»

ከምክር ቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ ጎዳና ነው፤ ከደረጃው ላይ ቆመው ሲያዩ የደወሉ ማማ ከዚያ ይታያል። ይህን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ እናቴ አቅጣጫ የማታውቅ ሴት ትመስለኝ ነበር፤ የትም አብረን ስንወጣ መንገዱን እጇን ይዤ የማሳያት እኔ ነበርኩ።